በቃል ያለ ሲወረስ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ፊደል የቈጠረ ሰው የለም። መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ በማኅተም የሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይወደዋል። ተረቱም ትልቅ እውነት አለው፤ አባቶቻችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያቈዩልን መጻሕፍት ምስክሮቹ ናቸው። ዳሩ ግን በዓለም ላይ ይህን ተረት በብርቱ የሚፈትነው አንድ ሕዝብ አለ። እርሱም ፊደል ሳይኖረው፣ በአፍና በጆሮ ብቻ፣ ከማንኛውም መንግሥት መዝገብ የሚረዝም ትዝታ ሲያወርስ የኖረው የአውስትራልያ ነባር ሕዝብ ነው። ስለ እርሱ በቤተ ሰብ ገጽ መጻፋችን የነገሩ ሥር ከቤተ ሰብ ስለ ተነሣ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አገሩ ከእኛ እጅግ የራቀ ቢሆንም ከደጃችን የቆመ አንድ ምስክር አለው። ባሕር ዛፍ የምንለው ዛፍ የበቀለበት ምድር አውስትራልያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ወደ አገራችን ገብቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑንም ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛፉ መጣልን፤ ከዛፉ ጋር ብዙ ሺህ ዓመት የኖረው ሕዝብ ታሪክ ግን አብሮ አልመጣልንም።

ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት ይህ ሕዝብ በዚያ ምድር ከ50,000 ዓመት በላይ ኖሯል። እንግሊዞች በ1788 ሊሰፍሩ በመጡ ጊዜ ከ250 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። የውጭ ሰዎች ሁሉንም በአንድነት አቦርጂኖች ይሏቸዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነገድ የራሱ ስም፣ የራሱ ወሰንና የራሱ ሕግ አለው። በሰሜን በኩል በቶረስ የባሕር ሰርጥ ደሴቶች የሚኖሩትም ሌላ ነባር ሕዝብ ናቸው።

ከሥርዓታቸው ሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው የዝምድናቸው ነገር ነው። በብዙዎቹ ነገዶች ዘንድ የእናት እኅት እናት ትባላለች፤ የአባት ወንድምም አባት ይባላል። የእነርሱም ልጆች እኅትና ወንድም ናቸው። ይህም እንዲሁ ለክብር የሚሰጥ መጠሪያ አይደለም፤ ከስሙ ጋር ግዴታው አብሮ ይሄዳል። እናት የተባለች ሁሉ ልጁን የማብላት፣ የመምከርና የመቈጣት ዕዳ አለባት። ስለዚህ አንድ ሕፃን የወለደችው እናት ከአጠገቡ ብትታጣ እናት አልባ ሆኖ አይቀርም ነበር። ይህን ሥርዓት የማያውቅ እንግዳ ሹም ግን ልጁን በሌላ ሴት እጅ ሲያየው የተጣለ ይመስለው ነበር።

ቃልን የሚጠብቁትም በዚሁ በዝምድናቸው ነው። በመካከለኛው አውስትራልያ የሚኖሩት ዋርልፒሪ የተባሉት ሕዝብ ለእያንዳንዱ ምድርና ለምድሩ ታሪክ ሁለት ወገን ባለ አደራ ያቆማሉ። አንደኛው ወገን ምድሩን በአባቱ በኩል የወረሰ ነው፤ ዜማውን የሚያዜም፣ ሥርዓቱን የሚፈጽም እርሱ ነው። ሁለተኛው ወገን በእናቱ በኩል የሚዛመድ ነው፤ የእርሱ ሥራ መጠበቅ ነው። ባለ ርስቱ ቃል ቢያጐድል ወይም ሥርዓት ቢያዛባ ያርመዋል፤ ያለ እርሱም ሥርዓቱ አይፈጸምም። የዜማ ቤት ተማሪ ሲያዛንፍ መምህሩ እንደሚያቃናው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ግን በዚያ አገር አቃኚው የእኅት ልጅ መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ትዝታው በአንድ ሰው ልብ ላይ ብቻ ስለማይንጠለጠል በቀላሉ አይጠፋም፤ ማንም ብቻውን እንደ ወደደ አይለውጠውም።

በዚህ ዓይነት ምን ያህል ዘመን የቈየ ነገር እንደ ተጠበቀ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንናገር። በደቡብ አውስትራልያ የሚኖሩት የንጋሪንጄሪ ሕዝብ፣ ንጉሩንደሪ ስለሚባል የጥንት አባታቸው የሚናገሩት ታሪክ አላቸው። ሁለት ሚስቶቹ ከእርሱ ሸሽተው ዛሬ ካንጋሮ ደሴት ወደሚባለው ስፍራ በእግራቸው ሲሻገሩ፣ እርሱ ተቈጥቶ ውኃው እንዲነሣ አደረገ፤ ሴቶቹም ሰጥመው ከባሕሩ ወጥተው የሚታዩ ዓለቶች ሆኑ ይላሉ። ዛሬ ወደዚያ ደሴት በእግር የሚሻገር የለም፤ በመካከሉ ባሕር አለ። የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ደሴቱ ቀድሞ ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘ እንደ ነበረና፣ በዓለም ላይ የነበረው ብዙ በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ሲነሣ ከ9,000 እስከ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተለየ ይገምታሉ። ፓትሪክ ነንና ኒኮላስ ሪድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውስትራልያ ዙሪያ ከ21 ስፍራዎች ይህን የመሰሉ ታሪኮች ሰብስበው በ2016 አሳትመዋል። በእነርሱ አስተያየት ታሪኮቹ ከ7,000 ዓመት በላይ በቃል የተላለፈ እውነተኛ ትዝታ ናቸው።

ሁለተኛው የቃል ዕውቀታቸው የእሳት ዕውቀት ነው። የዚያ አገር ዱር ደረቅ ነው፤ የባሕር ዛፍም ቅጠል ዘይት ስላለበት እሳት ሲነካው እንደ ችቦ ይነድዳል። ነባሩ ሕዝብ ግን እሳትን ከመፍራት አልፎ እንደ ማረሻ ሠራበት። በሰሜን ያሉት ዝናሙ እንዳበቃ፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለው፣ ነፋሱም ሳይበረታ፣ ምድሩን ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ያቃጥላሉ። ይህ እሳት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ የዛፉን ራስ አይነካም፤ ሌሊት ጤዛ ሲወርድበት ይጠፋል። የተቃጠለውና ያልተቃጠለው ምድር እንደ ተጣፈ ልብስ ይዥጐረጐራል። በኋላ በበጋው መጨረሻ ትልቅ እሳት ቢነሣ ከተቃጠለው ቦታ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይቆማል።

በምዕራብ በረሓ በሚኖሩት በማርቱ ሕዝብ ዘንድ ይህን ሥራ አብዝተው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በቀዝቃዛው ወራት እሾኻማውን ሣር ያቃጥሉና አርጃኖ የሚመስለውን ትልቅ እንሽላሊት ከጕድጓዱ ቈፍረው ያወጣሉ። ከእነርሱ ጋር ብዙ ዓመት እየተመላለሱ የመረመሩ ሊቃውንት፣ ሴቶቹ አዘውትረው በሚያድኑበት ስፍራ እንሽላሊቱ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኙትም። ምክንያቱም በትንንሽ እሳት የተከፋፈለ ምድር አዲስ ቡቃያንና የቈየ መጠለያን አጠገብ ለአጠገብ ስለሚያስገኝ ነው። ለዚህ ትምህርት የቆመ ትምህርት ቤት አልነበረም። ልጂቱ ከእናቷና ከአያቷ ኋላ እየሄደች፣ የነፋሱን አነሣሥ እያየች፣ ዱካውን እየለየች ትማረው ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዕውቀት የመጣው እንግዳ እንዴት እንዳየው እንመልከት። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1770 በምሥራቁ ጠረፍ ሲያልፍ ቀን ጢስ፣ ሌሊት እሳት ያይ ነበር። ሆኖም ያን ጠረፍ በንጉሡ በሦስተኛው ጆርጅ ስም ያዘው። በ1788 በጥር ወር አሥራ አንድ መርከቦች በአርተር ፊሊፕ መሪነት እስረኞችንና ወታደሮችን ይዘው ደርሰው፣ ዛሬ ሲድኒ በሚባለው ስፍራ ሰፈሩ። ከቀደሙት ሰፋሪዎች ብዙዎቹ አገሩን የእንግሊዝ መኳንንት መናፈሻ ይመስላል እያሉ ጻፉ፤ ሣሩ ለምለም፣ ዛፉ የተራራቀ ነበርና። አትክልተኛው ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቁም። የታረሰ እርሻና የተጻፈ የርስት ወረቀት ስላላዩ ምድሩን ባለቤት እንደሌለው ቈጠሩት፤ ሕጋቸውም በዚሁ አሳብ 200 ዓመት ያህል ሠራ።

ከዚያም መከራው ተከታተለ። በ1789 በሲድኒ ዙሪያ ፈንጣጣ ገብቶ ከነባሩ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሰው ፈጀ። ትዝታቸው በሰው ልብ እንጂ በሣጥን የተቀመጠ ስላልነበረ፣ የሽማግሌዎቻቸው ሞት ከሰው ሞት በላይ ነበር። ሰፋሪዎች ለበጎቻቸውና ለከብቶቻቸው መሬት እየፈለጉ ወደ ውስጥ በገቡ መጠን ግድያ በዛ። በ1838 በሰኔ ወር ማያል ክሪክ በተባለ ስፍራ ከብት ጠባቂዎች ቢያንስ 28 ሰዎችን ገደሉ፤ የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሰባት ገዳዮች ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ብርቅ ነበር፤ የሚበዛው ግድያ ያለ ዳኛ ቀርቷል። በ2000 ዓመት በዚያው ስፍራ መታሰቢያ ሲቆም የሟቾቹና የገዳዮቹ ዘሮች በአንድነት ቆመውበታል።

ዳሩ ግን በዚህ ገጽ አብዝተን ልንናገርበት የፈለግነው በጠመንጃ የተሠራውን አይደለም፤ በብዕር የተሠራውን ነው። በ1905 በምዕራብ አውስትራልያ የወጣው ሕግ የነባሩ ሕዝብ ጠባቂ የተባለውን ዋና ሹም፣ 16 ዓመት ላልሞላቸው ለነባሩ ሕዝብና ለክልሶች ልጆች ሁሉ ሕጋዊ አሳዳጊ አደረገው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ1915 የተሻሻለው ሕግ፣ የጥበቃ ቦርድ የተባለው መሥሪያ ቤት በዳኛ ፊት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለልጁ ጥቅም መስሎ ከታየው ልጁን ከወላጆቹ እንዲወስድ ፈቀደ። የሕጉ ስም ጥበቃ ነበር። ልጁ የተወሰደበትን ምክንያት የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ ነበረ፤ አንዳንድ ሹሞችም በዚያ መስመር ላይ የጻፉት ልጁ አቦርጂን መሆኑን ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ልጆች በኩታመንድራ በሚገኘው ቤት የቤት አገልግሎት ተምረው በነጮች ቤት እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር። ወንዶቹ ከ1924 እስከ 1970 በቆየው በኪንቼላ ቤት በስማቸው ፈንታ በቍጥር ይጠሩ ነበር። በብዙዎቹ ቤቶች በእናት ቋንቋ መናገር የሚያስቀጣ ሆነ። በ1997 ለመንግሥት የቀረበው የምርመራ ጽሑፍ እንደ ገመተው ከ1910 እስከ 1970 ባለው ዘመን ከነባሩ ሕዝብ ልጆች ቢያንስ ከአሥር አንዱ፣ ቢበዛ ከሦስት አንዱ ከወላጆቹ ተወስዷል። ይህን የፈጸሙት ሹሞች ሁሉ ልበ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለልጁ በጎ ያደረጉ ይመስላቸው ነበር፤ ንጹሕ አልጋ፣ ሳሙናና ፊደል ሰጠነው ይሉ ነበር። የሚያስፈራውም ይህ ነው፤ ክፉ ሰው የሚሠራውን ክፋት ሁሉ ያየዋል፤ በጎ አሳብ ያለው ሰው በማኅተም የሚሠራውን ክፋት ግን ራሱም አያየውም።

በ1931 በምዕራብ በረሓ ዳር ጂጋሎንግ ከሚባል ስፍራ ሦስት ልጃገረዶች በፖሊስ ተወሰዱ። ሞሊ፣ ዴዚና ግሬሲ ይባላሉ፤ ታላቂቱ ሞሊ 14 ዓመት ያህል ነበረች። አባቶቻቸው ነጮች፣ እናቶቻቸው ከማርቱ ወገን ነበሩ። እንደ እናቶቻቸው ሥርዓት እኅትማማች ናቸው። ከፐርዝ ከተማ በስተ ሰሜን ሙር ሪቨር ወደሚባለው ሰፈር ቢወስዷቸው፣ ሞሊ ሁለቱን ይዛ ጠፍታ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አገሯ በእግር ተመለሰች።

መንገዱን ያገኘችው እንዲህ ነው። በ1859 አንድ ባለ ርስት ለአደን ጨዋታ ብሎ ጥቂት ጥንቸሎች ከእንግሊዝ አስመጥቶ ለቀቀ፤ ጥንቸሎቹም በዝተው ሣሩንና እህሉን ጨረሱት። የምዕራቡ መንግሥት ጥንቸል እንዳይገባ ብሎ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አጥር ከደቡብ እስከ ሰሜን አስሠራ፤ ሥራውም በ1907 አለቀ። ሞሊ አጥሩ በጂጋሎንግ አጠገብ እንደሚያልፍ ታውቅ ነበር፤ አባቷ የአጥሩ ሠራተኛ ነበርና። የአጥሩ ነገር ከአባቷ ወገን የመጣ ነው። በረሓውን አቋርጦ በሕይወት መድረስ፣ የሚበላውን ከማይበላው መለየት፣ ዱካን ማጥፋትና ከዝናም መጠለል ግን የእናቶቿ ትምህርት ነበር። ፖሊሶች ፈልገው ሊይዟት አልቻሉም። ግሬሲ በመንገድ ተለይታ ሄዳ ተያዘች፤ ሞሊና ዴዚ ግን እናቶቻቸው ቤት ደረሱ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባሰኘ ነበር። ሞሊ አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች ከወለደች በኋላ በ1940 ከልጆቿ ጋር እንደ ገና ወደዚያው ሰፈር ተወሰደች። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ጠፍታ በዚያው አጥር መንገድ ተመለሰች፤ ነገር ግን ሁለቱን ልጆች ለመሸከም አቅም ስላልነበራት ታናሺቱን አዝላ ታላቂቱን ዶሪስን ትታ ሄደች። ዶሪስ እናቷን እንደ ገና ያየቻት ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የታዘለችውም ታናሽ ልጅ በኋላ ከእናቷ እጅ ተወሰደች፤ ሞሊ በ2004 እስክትሞት ድረስ አላየቻትም። ዶሪስ ፒልኪንግተን በ1996 የእናቷን ታሪክ መጽሐፍ አድርጋ ጻፈችው፤ በ2002 ደግሞ ሲኒማ ሆኖ ወጣ። በመዝገብ የተለየችው ልጅ በመጽሐፍ ወደ እናቷ ታሪክ ተመለሰች።

ይህ ሁሉ የነባሩ ሕዝብ ጉዳት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የወሰደውም መንግሥት ቈይቶ ዋጋውን ከፍሏል። ማርቱዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ ከበረሓው ወጥተው ወደ ሰፈሮች በተሰበሰቡ ጊዜ ትንንሹን እሳት የሚለኵስ ሰው ጠፋ፤ ከዚያም መብረቅ ያነሣው እሳት በአንድ ጊዜ እጅግ ሰፊ ምድር ይበላ ጀመር። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የተነሣው ታላቅ እሳት 33 ሰዎች ገደለ፤ ከ3,000 በላይ ቤቶች አወደመ። ይህን የመረመረው የመንግሥት ኮሚሽን በ2020 ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ መንግሥታቱ የነባሩን ሕዝብ የምድር አያያዝ ዕውቀት ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ጋር ሆነው እንዲሹት የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን እሳት ያነሡት ድርቅ፣ ሙቀትና ነፋስ ናቸው፤ የአያቶች እሳት ብቻውን ይከለክለው ነበር አንልም። ነገር ግን ለዘመናት ሕፃናቱን ከአያቶች ሲለይ የኖረ መንግሥት፣ በመጨረሻ አያቶች ያወቁትን ፍለጋ መውጣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ዕውቀቱ ባልተቋረጠበት ስፍራ ፍሬው ታይቷል። በሰሜን በአርንሄም ምድር ሽማግሌዎችና የሳይንስ ሰዎች ተባብረው በ28,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ምድር ላይ የጥንቱን የእሳት ሥርዓት መለሱ። በ2006 በተፈረመው ውል መሠረት፣ አየርን የሚያሞቀውን ጢስ በየዓመቱ 100,000 ቶን ያህል በመቀነሳቸው የጋዝ ነጋዴዎች ገንዘብ ይከፍሏቸው ጀመር። የአያት ምክር በሚዛን ተመዝኖ ተሸጠ ማለት ነው። ቋንቋው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ በ2020 በወጣው የመንግሥት ጽሑፍ መሠረት ከ250ው ቋንቋዎች 123ቱ ገና የሚነገሩ ሲሆን፣ በልጆች አፍ ጸንተው የሚገኙት 12 ብቻ ናቸው።

በሕግ በኩልም የቃል ምስክርነት ኋላ ተከብሯል። በቶረስ ደሴቶች በሜር የተወለደው ኤዲ ማቦ በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ አትክልተኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ከሚያስተምሩ የታሪክ ሊቃውንት ጋር ሲነጋገር፣ ከአባቶቹ የወረሰው መሬት በሕግ ፊት የመንግሥት እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ሰማ። በ1982 ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። የደሴቱ ሽማግሌዎች ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ፣ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ በቃላቸው መሰከሩ። በሰኔ 1992 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ምድሩ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን አሳብ ሻረው። ማቦ ግን ፍርዱ ሊሰጥ አምስት ወር ያህል ሲቀረው ሞቶ ነበር።

በየካቲት 2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቪን ራድ ስለ ተወሰዱት ልጆች በፓርላማ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በጥቅምት 2023 ግን የነባሩ ሕዝብ አማካሪ ጉባኤ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ለሕዝብ ምርጫ ቀርቦ ከመቶ 60 ያህሉ እንቢ አሉ። ዛሬም በአገሩ ከወላጆቻቸው ውጭ በመንግሥት ጥበቃ ከሚያድጉት ልጆች ከመቶ 40 የሚበልጡት የዚህ ሕዝብ ልጆች ናቸው፤ ከአገሩ ልጆች ሁሉ ግን ከመቶ 6 ያህል ብቻ ናቸው። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የተቈረጠውን መልሶ አይቀጥልም።

ይህ ሕዝብ መከራውን ብቻ ይዞ እንዳልተቀመጠ ግን ሊታወቅ ይገባል። ዮርታ ዮርታ ከተባለው ወገን የሆኑት ሽማግሌ ዊልያም ኩፐር ለወገኖቻቸው መብት ለእንግሊዝ ንጉሥ የሚላክ ከ1,800 በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ አዘጋጅተው ነበር፤ መንግሥቱ ግን ወደ ንጉሡ አላሳለፈውም። እኒህ ሰው በታኅሣሥ 1938፣ በጀርመን አይሁድ መገደላቸውንና ቤታቸው መሰባበሩን ሰምተው፣ ወገኖቻቸውን አስከትለው በሜልቦርን ወደ ጀርመን ቆንስላ የተቃውሞ ጽሑፍ ይዘው ሄዱ። ቆንስሉ አልተቀበላቸውም። የራሳቸው አቤቱታ ሰሚ አጥቶ ሳለ ስለ ሌላው ሕዝብ መቆማቸው፣ በዚያ ጊዜ በመጽሐፍ የተማሩ ብዙዎች ያላደረጉት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ በተለይ ሁለት ነገር እንማር።

አንደኛው በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው። በወረቀት ያልተጻፈ ነገር ሁሉ የለም ብሎ መፍረድ ታላቅ ስሕተት ነው። የማይጻፍ ርስት፣ የማይጻፍ ዕውቀት፣ የማይጻፍ እናትነት አለ። ሹም ስለ አንድ ቤተ ሰብ ወይም ስለ አንድ ነገድ የሚወስን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት፣ የሚወሰንባቸውን ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ሊሰማቸው ይገባዋል። ይልቁንም ጥበቃና ጥቅም የሚሉት ቃላት በወረቀቱ ላይ ሲበዙ አብዝቶ ይጠርጥር። በአንድ ፊርማ የተለየ ልጅ በሌላ ፊርማ አይመለስም።

ሁለተኛው ለየቤቱ ነው። በቤታችን ያለች አያት የምታውቀው ነገር፣ የዘር ቈጠራው፣ የመድኃኒቱ ቅጠል፣ የእህሉ አያያዝ፣ የወንዙና የተራራው ስም ከየት እንደ መጣ፣ የሚጠፋው በጦርነት ብቻ አይደለም። ልጁ አያቱን የሚሰማበት ጊዜ ሲያጣ፣ ወይም ቋንቋዋን ሲያፍርበት፣ ማንም ሳይወስደው የተወሰደ ይሆናል። ዋርልፒሪዎች እንደሚያደርጉት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያርም፣ ልጆችንና የእኅት ልጆችን ሰብስቦ ማስደመጥ ወጪ የሌለው ትምህርት ቤት ነው።

ስለ ተረታችንም የሚቀር ነገር አለ። በአደሌድ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት የካውርና ሕዝብ ቋንቋቸው ከዕለት ንግግር ጠፍቶባቸው ነበር። በ1840 ሁለት የጀርመን ሚስዮናውያን ቃላቱንና ሰዋስውን ጽፈው ስላሳተሙ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ዘሮቻቸው ከዚያ መጽሐፍ እየተማሩ ቋንቋውን ማስነሣት ጀመሩ። ስለዚህ ቃልና ጽሑፍ ጠላቶች አይደሉም። ሽማግሌው ይናገር፤ ልጁ ይስማና ይጻፍ፤ የጻፈውንም ለሽማግሌው መልሶ ያንብብለትና ይታረም። እንዲህ ከተደረገ በቃል ያለውም በጽሑፍ ያለውም ይወረሳል።